ነጥብ አራት

ማራኪ ግቢ ውስጥ፣ ጠመኔ ጨብጬ
አቅርቦት ፍላጎት፣ በመስመር አቋርጬ
«መስቀለኛው ላይ ነው፣ ዋጋ የሚቆረጥ» ስል፣
ከኋላ ወንበር ላይ፣ አንድ እጅ ብድግ ሲል፦
«ጋሼ፣ የኔ እናት ግን፣ ቅዳሜ ገበያ
ለነጭ ሽንኩርቷ፣ የገዢው ጫማ ነው የዋጋው መለኪያ።»
ክፍሉ በሳቅ ሲያውካካ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤
ለጫማ የሚሆን፣ መስመር ግን አጣሁ።

ከሸገር ደብዳቤ፣ መጣ በማኅተም፤
«ለአገር ትፈለጋለህ፣ ዛሬ ነገ የለም።»
ፕላን መሥሪያ ቤቱ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ
ቀመር ስቀምር ዋልሁ፣ መስኮቱን ሳላይ።
የዋጋ ንረቱን፣ ዓመት ሙሉ ለክቼ
«አሥር ነጥብ አራት» ብዬ፣ አጣርቼ፣
ሳስገባ፣ አለቃዬ፣ እርሳሱን አሹሎ
«አሥር ይበቃናል» አለኝ ተደላድሎ።
ነጥብ አራቷን ጣልኋት፤ ፊርማዬም አማረ።
የወደቀችው አራት፣ የማን እራት ነበረ?

ጡረታዬን ይዤ፣ አዘዞ ወረድሁ፤
ቅዳሜ ማለዳ፣ ሽንኩርት ተራ ሄድሁ።
አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ፣ ጫማዬን አየችው፤
ሶሉ መላቀቁን፣ በዓይኗ ደመረችው።
ከገበያው ዋጋ፣ ሃያ ብር ቀንሳ
ሦስት ራስ መረቀችኝ፣ ከማዳበሪያው አፍሳ።
ጥቁር ካባ ለብሼ፣ ሁለቴ ተመርቄ
ይህችን ምርቃት ግን፣ ከየት አባቴ አውቄ!

«ልጅ ነበረሽ?» አልኋት፣ «ከማራኪ ግቢ?»
«በላይን ነው? አለ እንጂ፤ ይሠራል በገቢ።
ግብር ሲተምንብኝ፣ እናት ከባዳ አይለይም፤
አቀርቅሮ ይጽፋል፣
ጫማዬን አያይም።»