የስንቅነሽ ሳፋ

ከመሐል ሜዳ በታች፣ ውርጭ በሚያድርበት፣
አንድ ሳፋ ነበረ በስንቅነሽ ቤት፤
ጠርዙ ሰማያዊ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
አንድ ጎኑ ጎድጉዶ፣ በበቅሎ የተረገጠ።

ሰኞ የበግ ጠጉር ይታጠብበታል፣
ማክሰኞ ባቄላ ይዘፈዘፍበታል፣
ቅዳሜ ስድስት ልጅ በየተራ ገብቶ
ለታናሹ ለእኔ ይደርሳል ጠልሽቶ።

የጌታ እራት እሁድ ግን
በአመድ ተፈግፍጎ፣ እንደ ሙሽራ ያምርበታል፤
ወደ መሠረተ ክርስቶስ በእናቴ አናት ይሄዳል።

በሩ የታሸገ ቀን፣ ዘመኑ ብሶ፣
መጽሐፏ ጎታ ውስጥ ተኛ ገብስ ለብሶ።
ሳፋውም ተደፍቶ ሆነላት ወንበር፤
ካድሬው ሲገባ ጠጉር ትፈትል ነበር።
እድሩ ስሟን ፋቀ።
ፍም ሊለምን የመጣን ጎረቤት ግን
አንድ ቀን ባዶ እጁን አልመለሰችም።

ደግሞ በሩ ተከፈተ።
አንድ እሁድ ዘርትሁን ብቅ አለች ከደጅ፣
ባሏ በወሰን ጠብ አባቴን ያስቀረው በአንድ እጅ።
ሰዉ ጸጥ። ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

እናቴ ጉልበቷን አጠፈች።
የተሰነጠቀውን ተረከዝ፣ በጣቶቹ መሃል የደረቀውን ጭቃ፣
ቀስ ብላ አጠበች፣ ቅዳሜ እኔን እንደምታጥብ ጠንቅቃ።
«ውሃው አቃጠለሽ?» አለቻት።
ሌላ ቃል አልወጣትም።
ዘርትሁን መልስ አጣች።

ምንጩ ሩቅ ነው። ያን ውሃ አልደፋችም፤
ተሸክማ ወስዳ ጎመኗን አጠጣች፣
«ላሟ አልታለበችም» ብላ ወደ ጋጣው ሮጠች።

ወንድሜ ያን በጋ ከጎመኑ አልቀመሰም።
እኔ በልቻለሁ።
ጎመን ጎመን ይላል።