የቀረችው ነጥብ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤
ክላክስቪክ ወደብ ላይ ግን ሬጊን ነበር፣ ደሴቱ ሁሉ ያውቃል።
ሹራቡ ዓሣ ዓሣ የሚል፣ ጥርሱ በትንባሆ የበለዘ፣
ለየኮምፒውተሩ የሰመጠ ጀልባ ስም እያስያዘ፣
ስምን ከቁጥር እያጋባ ባንድ መዝገብ ጻፈ፤
ጡረታ ወጣ፣ ሁለት ክረምት ኖረ፣ አለፈ።
መዝገቡ ለሱንቨር ተረፈ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ነፋሱ ቆርቆሮውን ይነቀንቃል፤
ሦስት ጀልባ ዓሣ ሞልቶ ቆሟል፤
ሚዛኑ ጨረታ ቤቱን በስሙ ይጣራል፤
ሰርቨሩ «እንዲህ የሚባል የለም» ይላል፣
ቁርጥ አድርጎ፣ ብድር እንደተጠየቀ ዘመድ።
ስልኩ ጮኸ። «በረዶዬ እየቀለጠ ነው» አለ ሄርጌር፤
«ምንድን ነው የጠፋው፣ ቤቱ ነው ወይስ ስሙ?»
«ቤቱማ አለ፤ በመስኮት ይታየኛል። ስሙ።»

ትእዛዙ ሲፈታ «ቆፍር» ነው፤ ትቆፍራለች።
ሥሩ ከላይ የሆነ ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ወደ ታች ትወርዳለች።
ሥሩ ያውቃል፣ ግንዱ ያውቃል፤
የመጨረሻው ቅርንጫፍ ላይ ወሬው ይደርቃል።
መዝገቡን ከፈተች። በየጥጉ የሬጊን ማስታወሻ፦
«ይቺን መስመር አትንኳት፤ ነክቻት ሦስት ቀን አልተኛሁም።»
አልነካቻትም።
የነካችው ከሥሯ ያለችውን ነው፤ ትናንት፣ ከምሳ በኋላ፣
ባንድ እጇ ዳቦ ይዛ በሌላው እየጻፈች።
ፊደሉ ልክ ነው፣ ቃሉ ልክ ነው፤
መጨረሻው ላይ አንዲት ነጥብ ቀርታለች።

እኛ ዘንድ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ያርፋል፤
እዚያ ለስም አንዲት ትበቃዋለች።
እሷ ከሌለች ግን ስሙ አያርፍም፤
ሰርቨሩ «ገና አልጨረሰም» ብሎ
ከነአባቱ ለተጠራው አባቱን ይደግምለታል፦
ጨረታ ክላክስቪክ ክላክስቪክ፣
ደጅ ላይ ቆሞ ራሱን እንደሚጣራ ሰካራም።
ማንም አይከፍትለትም።

ነጥቧን አኖረች። እዚህ ያለው ሰርቨር ገባው፤
ቶርስሃውን ያለው ምክትል ግን አሁንም «የለም»።
የመዝገቡን ቁጥር ማሳደግ ረስታለች!
ምክትል ቃል አያነብም፤
ቁጥሩ ካልጨመረ አዲስ ነገር አለ ቢሉት አያምንም።
እየተሳደበች አንድ ጨመረች። አመነ።
ጀልባዎቹ ግን «የለም»ን አንዴ ሰምተዋል፤
ሬጊን ለ«የለም» የሦስት ሰዓት ዕድሜ ቆርጦለታል፣
ያ እስኪያልቅ ያስታውሱታል።
«ቁጥሩን በአፌ ልንገርህ፣ ጻፍ» አለችው ሄርጌርን፤
በዓሣ ሣጥን ክዳን ላይ ጻፈው፣ አራቱንም ክፍል፣
አንዱን አሳስቶ።

ሊነጋጋ ሲል መዝገቡን ነጥብ በነጥብ ትለቅማለች።
ከታች «ሬጊን» የሚል ስም አገኘች፣
ቁጥሩ ማንም የማይመልስበት፣ የተሸጠ ቤት ማሽን።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ቢባልም
ደንቡ «የሞተውን አጥፉ» ይላል።
ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ።
ነጥቧ አለች?
አለች።
አለፈችው።