የለበስነው ከተማ

ሰው ሁሉ ሐዋሳ፣ ሰው ሁሉ ቢሾፍቱ፣
ሐይቅ ዳር ነው የሚያልቅ የሰው ሁሉ ሰንበቱ።
ስመኘው ዝም ብሎ ኪሱን ዳበሰና
«ደብረ ብርሃን» አለ፣ ጉሮሮ ጠረገና።

ኤፍራታ ልጄ ሳቀች፤ «እዚያ ደሞ ምን አለ?» አለች።
«ብርድ አለ» አላት አባቷ። ወደ ስልኳ ተመለሰች።

የእህቱን ቪትስ ተዋስን፤ የግራ መስኮቱ አይዘጋም፣
በፌስታል አሸግነው፤ ፌስታሉ ሲንጣጣ ሰው ከሰው አይሰማማም።
ሸኖ ላይ ቅቤ ገዛን፤
ጫጫ ላይ ትንሹ፣ በረከተአብ፣ አስመለሰ፤
ቅቤውም ትውከቱም አንድ ላይ
ያ ሁሉ ሽታ አብሮን ደረሰ።

«ለለቅሶ ነው? ለሠርግ?» አለችን የአልጋ መዝጋቢዋ፣
ዓይኗ ብቻ ነው የሚታይ፤ ጋቢ ውስጥ ነው አፍንጫዋ።
«ለመዝናናት» አልኳት። እስክሪብቶዋ ቆመች።
«እዚህ?» ብላ አየችኝና «ለሥራ» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ስሙ አልዋሸም፣ ብርሃን ሞልቷል፤
ሙቀት ያከፋፈለው ግን ይህን ከተማ ዘሎታል።
ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ በረከተአብ «ስኳር ነው» ብሎ ላሰ፤
አንድ ባጃጅ ነጂ እስኪያነባ ሳቀ፣ እንባውን በጓንቱ አበሰ።

ከዚያ ጫነን። «ምን ላሳያችሁ?» ብሎ ራሱ ተጨነቀ፤
ድንገት እንግዳ እንደገባበት ቤት ከተማው በሱ ፊት ተሳቀቀ።
በሬሳ ድልድይ ወሰደን። ውሃው ቀጥኗል፤ ቆመን አየን።
ታች ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ተማሪዎች ቀና አሉና ተያየን።
«ያ ደሞ ፋብሪካው ነው» አለ፣ ረጅም አጥር እያሳየን፤
«የምን?» ያለ ሰው የለም። ርቦናል፤ ጥብስ ነው የታየን።

ማታ ሙቅ ውሃ አልመጣም። ቧንቧው አቃሰተ፣ ተፋ፣ ዝም አለ።
ሁለት አልጋ ነበር የያዝነው፤
ስድስት ሰዓት ሲሆን አንደኛው ሰው አልነበረበትም።
መጀመሪያ በረከተአብ መጣ፣ እግሩ በረዶ፣ ጉልበቱ ሹል፤
ከዚያ ኤፍራታ፣ ዐሥራ አራት ዓመቷ፣ ቤት «በሬን አንኳኩ» የምትል፤
ትራሷን አቅፋ ጨለማው ውስጥ ቆመች፣ ቆመች፣
«ጠጋ በሉ» አለች።

ጠጋ አልን።
አራት ሰው፣ አንድ ሜትር ከሃያ አልጋ፣
የማን እጅ ከማን አንገት ሥር እንደሆነ ሳይለይ ሊነጋ።

ትንሹ ፊደል ከቆጠረ ወዲህ ያገኘውን ያነባል፣
የሳሙና ልባስ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፤ አሁን ደግሞ በስልክ መብራት
የብርድ ልብሱን ጥግ ይዞ
«ደብ-ረ-ብር-ሃን-ብርድ-ልብስ» ይላል።

ቀና አልኩ።
እትዬ ዘነበወርቅ ለሠርጌ ያመጡት፣ ያ ቡናማ፣ ያ የሚኮሰኩሰው፣
አራስ ሆኜ የተጠቀለልኩበት፣ ስንጣላ በየፊናችን የምንስበው፣
ጥጉ ላይ ይህችው ጨርቅ አለችው፤ ታጥባ ታጥባ ፊደሏ ሄደ፤
መኮስኮሱ ግን ያው ነው፤ አንገቴ አወቀው።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ከተማ ለብሰን ስንተኛ
አንድ ቀን «ከወዴት ነህ?» አላልነውም እኛ።
ፋብሪካውን አሳይቶን ነበር ልጁ፤
እኛ ጥብስ።

ለስመኘው ልነግረው ዞርኩ።
ተኝቷል፤ የኔንም ድርሻ ጠቅልሎ፣
ልክ እንደ ቤቱ።

እሑድ መኪናው አልነሣ አለ፤ ባትሪውን ብርድ በልቶታል።
ኤፍራታ ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ገፋን፤ ዳገት ነው፤ ፌስታሉ ይጮኻል።
መዝጋቢዋ ወጣች፣ ጋቢዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች፤
«ሥራው ተሳካ?» ብላ ከኋላ ትከሻዋን ሰጠች።

«ተሳካ» አልኳት፣ እያለከለክሁ።
ፍንጭት ናት።
ስትስቅ ያኔ ነው ያየነው።