የቁልፍ ነገር

«ባላንጣው የታለ?» አለኝ ከፍያለው፣
አንብቦ ሳይጨርስ ወረቀቱን ጣለው።
«ሁለት ገጽ ገለጥኩኝ፣ አንድም ሰው አልሞተ፣
ቤት አልተቃጠለ፣ ወዳጅ አልሸፈተ፤
የታሪክ ቁልፉ ጠብ ነው፣ ያለ ጠብ አይከፈትም፣
መርፌና ክር ብቻ አንባቢ አይጎትትም።»

ፒያሳ ነን፤ ሐምሌ፤ ሰማዩ ብሶበታል፣
የግንቡ ድንጋይ ርሶ ከል ተደርቦበታል።
«ያውልህ» አልኩት፣ «መርዝ ካማረህ፣ ዙፋን፣
ወንድም በወንድሙ የመዘዘው ጎራዴ፣
አጥሩን ተሻገረው ትኬት ቁረጥና፣
ደም ለዚህ ከተማ ብርቁ አይደለምና።
እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነኝ፤
አራዳ፣ በረንዳው ጥግ፣ አዛናው ሲንጀር ፊት።
የእኔ ቁልፍ አይከፍትም፣ ይዘጋል እንጂ፣
ብርድ እንዳይገባ።»

ትርንጎ መጣች፣ ከአዘዞ፣ በታክሲ፣
የሂሳብ መምህርት፣ ጠመኔ በጣቷ፣
ካፖርቱ አረንጓዴ፣ የሟች እናቷ፤
ስድስት የቀንድ ቁልፍ፣ ካንገት እስከ ጉልበት፣
ሦስተኛው ግን የለም፣ ደረቷን ነፋስ ገብቶበት።
ወይ ባጃጅ ውስጥ ወድቋል፣ ወይ ቀሃ ድልድይ ላይ።
«ለሰኞ ይደርሳል?»
«ይደርሳል» አላት፣
ያለ ዋስትና፣ እንዲያው በልማድ።

«ሰኞ ምንድን ነው?» ከፍያለው ጣልቃ ገባ፣
«ሠርግ ነው? ችሎት ነው? የእናቷ ተዝካር?»
«ምንም። ሰኞ ነው። ማለዳ ይበርዳል።»

አዛናው የኒዶ ጣሳውን ዘረገፈው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካሮጌ ልብስ ያተረፈው
ቁልፍ ተንኮሻኮሸ፤ የናሱ፣ የዛጎሉ፣
ከወታደር ኮት፣ ከሕፃን ሹራብ፣
ከሙሽራ ቬሎ የተፈታ ሁሉ።
አንዱን ወደ ብርሃን አነሳው። ቀለሙ ልክ ነው፣
የቀንዱ ሥር ሥር እንኳ አለው፤
ግን ቀዳዳው አራት። የእሷ ሁለት።

ጃንጥላ ዘርግቶ ቅዳሜ ገበያ ወረደ፣
ሙዘይን ሱቅ።
(አሁን ክፉ ሰው ይመጣል ብለህ ነበር፤
ሙዘይን ሦስት ሣጥን ደፍቶ ፈልጎ አጣ፣
በርጩማ ሰጠው፣ ዝናቡ እስኪያባራ።)

«ከዚያስ?» አለ ከፍያለው።
ሻዩን ረስቶታል።

ከዚያማ መሸ፤ መብራትም ሄደ።
አዛናው በሞባይሉ ብርሃን
የታችኛውን ቁልፍ፣ ጉልበት አጠገብ ያለውን፣
ዓይን የማይደርስበትን፣ በምላጭ ፈታው፣
ወደ ደረት አዛወረው።
በባዶው ቦታ ባለ አራት ቀዳዳውን ተከለ፤
ክሩንም በሁለቱ ብቻ አሳለፈ፣
ሁለቱን እንዲሁ ተወ፣
ወንድሞቹን እንዲመስል።

ሰኞ ትርንጎ ካንገቷ ጀምራ ቆለፈች፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
ስድስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።
አዛናው መርፌውን ከንፈሩ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።
በአውራ ጣቷ አንዴ አሻሸችው፤
ቆለፈችው፤
«ስንት ነው?» አለች።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።
ከፍያለው ወረቀቱን አነሳ፣
የመጨረሻውን ገጽ ገልብጦ ጀርባውን አየ።
«የጠፋውስ?»
«የቱ?»
«የእናቷ ነዋ፣ የቀንዱ። የት ወደቀ?»

አላሰብኩበትም ነበር።

ዝናቡ አባራ። ሂሳብ ከፍለን ወጣን፣
ቁልቁል፣ በፖስታ ቤቱ በኩል፣
ንጣፉ ርሶ ያብለጨልጫል፤
ሁለታችንም ቃል ሳንተነፍስ፣
መሬት መሬቱን እያየን።