አሥራ ስምንተኛው ጥርስ

ቀን ቀን ጥርስ እሠራለሁ፣ ለማላየው አፍ፤
የጀሶ መንጋጋ ይመጣል፣ የባለቤቱ ስም ተጽፎ፤
በሰም እቀርጻለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣
ማታ እወጣለሁ፣ ዱቄቱ ቅንድቤ ላይ አርፎ።

ዲንኮ ጎረቤቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት
ብረት ሲያቀልጥ ኖሯል፣ እዚሁ ሃሚልተን፣ ሐይቁ ዳር ካለው እሳት።
ዛሬ እጁ አይታዘዘውም፤ ብሎን ላንሣ ሲል ያመልጠዋል፣
በእናቱ ቋንቋ ይሰድበዋል፣ ከዚያ ራሱ ይስቃል።

መኪናው ስቱድቤከር ነው፣ የስድሳ አራት ሥሪት፣
ቀለሙ የረጋ ወተት።
የተገጣጠመው እዚሁ ከተማ ነው፣ ከኛ ሰፈር ትንሽ አልፎ፤
ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን የለውም፤ መለዋወጫው ጠፍቷል፣ ዘሩ ረግፎ።

የሾፌሩ መስኮት አንድ ቀን ወረደና አልወጣም አለ፤
በረዶ እንዳይገባ ላስቲክ ለጠፈበት፤ ነፋስ ላስቲኩን ሲደልቅ ዋለ።
በሩን በካቻቪቴ ፈታሁት። ከሆዱ ወጣች
ሳንቲም የምታህል ጥርሳም ማርሽ፤ አንድ ጥርሷ የለም፤
ባዶ ድዷን አሳይታኝ ሳቀች።

"ጥርስ ሠሪ አይደለሽ?" አለኝ። "ያው እኮ ነው ሥራው።
ይችንም አስነክሻት፤
ልዩነቱ የምትነክሰው ሥጋ አለመሆኑ ነው።"

ምድር ቤት ይዣት ወረድኩ። ሞርሳ አለኝ፣ ያሰርኩት
ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ በአሮጌ በር ላይ፣ አጋድሜ እግር በቀጠልኩለት።
ጥርሷን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት፤ ከነክፍተቷ አሥራ ስምንት።
በሰም ቀረጽኳት፣ በጀሶ ቀበርኳት፤
ሰሙ በእሳት ወጣ፣
ባዶው ቦታ ናስ ጠጣ።
ወርቅ የለኝም፤ የኔ ሰም ፍቺው ናስ ነው፣
ናሱም ከተሰበረ የወጥ ቤት ቧንቧ የተረፈው።

የመጀመሪያዋ ሰለለች። ናስ ሲቀዘቅዝ በፀጉር ስፋት ያንሳል፤
እያወቅኩ ረሳሁት። እሷ በባዶ ትዞራለች፣ መስታወቱ ዝም ይላል።

ሁለተኛዋ ግን ቆንጆ ነበረች! እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም፤
ጥርሷ ሁሉ እኩል፣ ጫፏ ምላጭ፤ ጣቴን እንኳ አልማረችም።
ገጠምኳት። እጀታውን ሳዞረው ተንቋቋች፣ ጮኸች፣ ቆመች፤
ከአሮጌዋ ባልንጀራዋ ጋር መናከሻ አጣች።
ስድሳ ዓመት የተፋጨ ጥርስ ስለታም እንግዳ አይወድም።
ዲንኮ ደረጃው ላይ ተቀምጦ "ሞርጂያት" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

አንድ ጊዜ ከሰድበሪ የተመለሰ ጥርስ ትዝ አለኝ፤
"ያምራል፣ ግን አፌ አላወቀውም" የሚል ወረቀት ነበር የደረሰኝ።

ስለዚህ እርጅና ሞረድኩባት፤
ያልነበረችበትን ዘመን፣ በቀጭን ሞረድ፣ ሁለት ጭረት፣ ሦስት ጭረት፣
ሲጋራ ሊጥል ያወረደበትን፣
ለፖሊስ መንጃ ፈቃድ የሰጠበትን፣
ኔቨንካ ከሥራ ስትወጣ ስሟን የጮኸበትን፣
ሐምሌን፣ ጨው የተበተነበትን ጥር፣ የተኮረፈበትን ጉዞ፤
በአንድ ማታ፣ አንገት ሰብሬ፣ አምፖሉ ፀጉሬን ሊለበልብ ተቃርቦ።
መግጠም። መፍታት። በጥፍር መዳሰስ።
እንደገና፣ ትንሽ መቀነስ።

በሩ ውስጥ፣ ከላሜራው ጀርባ፣ በሰማያዊ ጠመኔ
የጭረት ምልክት አለ፣ ከሥሩ ፊርማ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም እኔ።
ዲንኮ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆየ፤ እሱም አላወቀውም።
እኔስ ልፈርም? አልኩ። ተውኩት።
ጥርስ ላይ ስም አይጻፍም።

እሑድ ከቀትር በኋላ ላስቲኩን ቀደደ፣ እጀታውን ያዘ፤
የሚንቀጠቀጠው እጁ እዚያ ላይ ሲሆን ለማዘዝ ታዘዘ፤
ወይም ማርሿ የእጁን መንቀጥቀጥ ተሸከመችለት፤ አላውቅም።
መስታወቱ ወጣ፣ ተንገጫገጨ፣ ወጣ፣ አልቆመም።
ከላይ ጎማው ጋር ሲደርስ የመንገዱ ድምፅ ጠፋ።

አወረደው። አወጣው። አወረደው። ውጭው ቅዝቃዜ ነው፣
ትንፋሻችን መስታወቱ ላይ ነጣ።
"ዲንኮ፣ ይበቃል፣ ታልቃለች" አልኩት።
"እንድትለምድ ነው" አለኝ፣
ደግሞ አወረደው።