የጥድ ዓይን

ባልዲዬን አንጠልጥዬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤
በሩ ላይ ጫማዬን እንደ ወጉ አወጣሁ።
ቱርኩ ነው፣ የካቲት፤ ወንዙ ገና በረዶ፣
ሳይሚ ጠበቀችኝ ቤቱን አርጋ ባዶ።

ያባቷን የቱሬን፣ የመርከብ በያጁን፣
ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ የሰዓት ሣጥኑን
ሰጥታ ጨርሳለች። የቀረ ቢፈለግ
አንድ ጠረጴዛ ነው፣ አንድ ወንበር ከጥግ።

«ነጭ ነው ምፈልገው፣ ነጭ ብቻ» አለችኝ፤
«ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ» ቆጠረችልኝ።
«ወለሉ ግን እንጨት፣ ራቁቱን ይሁን፤
ዕቃ ነው ያጠበበው የሰው ልጅ ልቡን።»

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ስለ ልብ አላውቅም፤
ስለ ነጭ ጠይቁኝ፣ ነጭ አንድ አይደለም።
የወተት አለ፣ የኖራ፣
የአጥንት አለ፣ ሻይ የለመደ ጥርስ የመሰለ፣
ቀን ደኅና ውሎ መብራት ሲበራ የሚጠቁር አለ።
እሷ የመረጠችው
ሌሊት የወረደ አመዳይ ነው፣
ውሻ እንኳ ያላለፈበት።

ወለሉን ላግሁት። አርባ ዓመት የጠጣው ቫርኒሽ
እንደ እባብ ቆዳ ተገፈፈ፤
ከሥሩ ጥዱ ብቅ አለ፣ የማር ቀለም፣
ሽታው እስከ ደረጃው ተረፈ።

በሩ ግን አመፀ።
ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ከሕፃን ግንባር ትይዩ
አንድ ዓይን አለ፣ ቅርንጫፍ የነበረበት።
አንዴ ቀባሁት፣ ተኛ፤ በማግሥቱ ነቃ።
ደገምኩት፣ ቢጫ ሆኖ አፈጠጠብኝ።
በሦስተኛው ሙጫ አነባ።
«ዛፉ መቆረጡን» አልኳት፣ «ማንም አልነገረውም መሰል።»
አልሳቀችም። «አራተኛ ድገመው፤ የሚከፈለው ይከፈል።»

መድኃኒቱን ገዛሁ፣ በጨርቅ አሸሁ፣ ጠበቅሁ፣ ቀባሁ፣
አሸነፍኩት። ሂሳቤን ቆጥሬ፣
መሰላሌን ረስቼ ወጣሁ።

መስከረም ላይ ለመሰላሉ ተመለስኩ።
ቤቱ እንዳለችው ነው። አንድ ጠረጴዛ፣
ሳህን ላይ ሁለት ሎሚ፣
ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ ድመት ተጋድሞ፣
ድምፄ እንኳ ዕቃ መስሎኝ
ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ።

ልወጣ ስል አየሁት።
በማንኪያ ጠርዝ ይመስላል፣ ተፍቆ ተፍቆ፣
የሳንቲም ያህል ክብ፣ ዳሩ ተቦጫጭቆ፣
ዓይኑ ተከፍቷል።

ሳይሚ ፊቷ ቀላ።
«ካባቴ ጋር ስንጣላ
እዚህ ነበር የሚያቆመኝ፣ ፊቴን ወደ በሩ።
የማየው አልነበረም ሌላ።»

ምን ይባላል? ሠላሳ ዓመት ቀብቻለሁ፤
ነጭ በማንኪያ ሲሸነፍ ገና አየሁ።
«መልካም ዋይ» ብዬ መሰላሌን ተሸከምኩ።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ስዞር፣
ጫፉ የደረጃውን ግድግዳ ላጠው፤
ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ፣ የድሮ።
ዙሪያዬን አየሁ፣ ማንም የለም።
እንዳለ ተውኩት።