ቀድሞ የነበረ

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ሊፍቱ ከማይሠራ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ሰባ አንድ ዓመቴን በክላሰር ይዤ ቁጭ ብያለሁ ስጠብቅ።
ቁጥሬ ስልሳ ሁለት። የተጠራው አርባ።
ከጎኔ አንድ ሽማግሌ፣ ካልሲው የተለያየ፣
ፎርሙን አንብቡልኝ ይላል ለወጣ ለገባ።

ልጄ ማህደር ያለችው ቶሪኖ ነው።
የቆይታ ፈቃዴ አርባ ቀን ቀረው።
«ይራዘምልኝ» ስል፣ ቆንስላው የሰጠኝ ይኸው ነው በጽሑፍ፦
«ሠላሳ ሺህ ዩሮ፣ ለዓመት የሚጸና፣ ካልጋ እስከ መድኃኒት ሁሉን የሚያቅፍ።»
ጡረታዬን በዩሮ መነዘርኩት በልቤ፤
ለአንድ ጥርስ አይሞላም። ሳቅሁ፣ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ስቤ።

ስልሳ ሁለት!
ምንተስኖት ይላል ደረቱ ላይ ያለው። የልጅ ልጄን ያህላል፤
ጨዋ ነው፣ «እማማ» ብሎ ብድግ ይላል።
«ዕድሜ?»
«ሰባ አንድ።»
«ከሰባ በላይ ጭማሪ አለው። እኔ ሳልሆን ሲስተሙ ነው።»
«ሥራ?»
«ጡረተኛ።»
«ከዚያ በፊትስ?»
እዚህ ላይ ቀና አልኩ።
«ቴሌ። የውጭ መስመር። ሠላሳ ሦስት ዓመት።»

ከዚሁ ቁልቁል ነው። በቀኝ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣
የሰውን ልቅሶ፣ የሰውን ሠርግ፣ ገመድ ለገመድ አጋብቼ፣
«አሎ ሮማ፣ አሎ ጅዳ» ስል ሌሊቱን አነጋው ነበር፤
ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ጣልቃ እገባለሁ፦ «ጊዜዎ አልቋል። ይራዘም ወይስ ይቅር?»
አንዳንዱ ይጮሃል፦ «ይራዘም! እናቴ ገና ስሜን አልጠራችም!»
አንዳንዱ ሳንቲም ይቆጥራል፤ ሲቆጥር መስመሩ አይጠብቀውም።
እኔ ነኝ ያራዘምኩ። እኔ ነኝ የቆረጥኩ።
ስንቱን «እወድ...» ላይ እንዳስቀረሁት
ጡረታ ስወጣ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩ።

«ቀድሞ የነበረ በሽታ አለ? ካለ አይሸፈንም፤ ውሉ እንዲህ ነው።»

ቀድሞ የነበረ።
ጉልበቴ ቀድሞ የነበረ ነው።
ስኳሬ መንግሥት ከተለወጠበት ዓመት ጋር እኩያ ነው።
በመስኮቱ ወደ ፒያሳ አሻቅቤ ባይ፣
ቀድሞ የነበረው ሱቅ፣ ቀድሞ የነበረው ሰገነት፣
አሁን ሣርና መብራት፣ ከላይ ሰማይ።
እሱንም የሸፈነው አልነበረም መሰለኝ።
ታዲያ ልጄ፣ ከእኔ ላይ ቀድሞ ያልነበረውን ለይና አሳየኝ።
አላልኩትም። በሆዴ ነው ያልኩት።

የአራት ኪሎው እድራችን ምን እንዳመመኝ ጠይቆኝ አያውቅም፤
ወርሃዊዬን ይቀበላል፣ ድንኳን ይጥላል፣
ለቁም ሰው ግን አይከፍልም።
ይህኛውም ቢሆን፣ ከአንቀጹ ሁሉ ልቡ የሞላ አንዱ ሆነ፦
«አስከሬን ወደ ሀገር መመለሻ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ፣ የተሸፈነ።»
ደረጃ የሚያወጣኝ ጉልበቴ ሳይሸፈን፣
ሬሳዬ ግን ይበራል ይዞ ሙሉ መድን።
መድን ስንል በጸሎት፣ ሌላ ነበር ያሰብነው።

ዘንበል ብዬ በግራዬ እንደምሰማው ገባው መሰለኝ፤
ጣቱ «የለም» ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ።
ደግ ልጅ። እኔም አንድ ሌሊት፣ ለአንዲት የወታደር እናት፣
ስድስቱን ደቂቃ «ሦስት» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ተቆጣጣሪዬ ሲያንቀላፋ ፊት ለፊት።
ግን ይህ ጆሮ የእኔ ነው፤
የአገልግሎት ምስክሬ ነው፤ የወረቀቱን አይጥ በልቶታል።
«አለ በል» አልኩት። «ጻፈው። ቀኝ ጆሮ፤ ሰው ሲያዳምጥ ደንቁሯል።»

ጻፈ። ማተሚያው አጉረመረመ። ዋጋው በግማሽ ጨመረ።
የአራት ወር ጡረታዬ ከአንድ ማኅተም ሥር ተቀበረ።

በመደገፊያው፣ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው፣ ወርጄ፣
ከዘበኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩ ለልጄ።
በግራ ጆሮዬ፦
«እማ? ተራዘመ? እማ፣ ምን አሉሽ? ተራ...»
ካርዴ አለቀ።
ሦስት ደቂቃም አልሞላ።